ስሙ የተፋቀው ዘፈን

ከኋላዋ የዶን ኤሊሂዮ አማች ዋልቤርቶ ቆሟል። በሩ ተቆልፏል።

ከፊቷ ያለውን ኮምፒውተር ለመንካት ስምንት ወር ጠብቃለች። ኒዲያ ማውዙን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

«እምቢ አለኝ፣ ልጄ» አሉ ዶን ኤሊሂዮ። «ዛሬ ሐሙስ ነው። እሑድ ከሴሬኖ ጋር ፊት ለፊት እንገጥማለን። ይሄ ዘፈን ካልተሰማ ማንታራያ አለቀለት በዪ።»

ማንታራያ የሽማግሌው ፒኮ ነው፤ የመንገድ ጭፈራ የሚመራ፣ ቤት የሚያክል፣ ፊቱ በደማቅ ቀለም የተሳለ ድምፅ ማጉያ። የኮሎምቢያዋ ባራንኪያ ከተማ ሰው አንዱን ፒኮ ከሌላው የሚያስበልጠው ሌላ ጋ የማይሰማ ዘፈን ሲኖረው ነው። ስለዚህ ባለፒኮ ብርቅ ሸክላ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ላዩ ላይ የተጻፈውን ስም በሳንቲም ፍቆ ማጥፋት ነው። ስሙን ያወቀ ዘፈኑን አገኘ ማለት ነዋ። እዚህ ከተማ ሰው የቤቱን ቁልፍ ይሰጥህ ይሆናል፤ የዘፈኑን ስም ግን ሞቶም አይነግርህም።

ኒዲያ የመጣችው ለዚያ ስም ነው። በሬቦሎ ሰፈር የሚያውቋት ኤዲልማ በሚል ስም ነው፤ ኮምፒውተር ጠጋኝ። ለላኳት ደግሞ «ድንቢጥ» ናት። የተቀናቃኙ ፒኮ የሴሬኖ ባለቤት አሪስቲደስ ቃል ገብቶላታል፤ ስሙን ካመጣች እሑድ ከሴሬኖ ኋላ ቆማ የምታጫውተው እሷ ናት። ሴሬኖን በእጁ የሠራው አባቷ ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ ሌላ ነገር ተመኝታ አታውቅም።

«ሌሎቹ ዘፈኖች ይሠራሉ?»

«ተራው ሁሉ ይሠራል። የኛ ብቻ የሆኑት ናቸው ያመፁት። ኤደር እያለ እኮ...» ኮምፒውተሩን ይይዝ የነበረው ልጃቸው ኤደር ከሞተ ሁለት ወሩ ነው።

አንድ ተራ ዘፈን ከፈተች። ዘፈነ። ማጉያው ደህና ነው ማለት ነው። የእምቢተኛውን ፋይል መጠን አየች፤ ሙሉ ነው፣ አልተበላሸም። ደግማ ነካችው። ኮምፒውተሩ በምን ልክፈተው ብሎ ጠየቃት።

ያኔ ገባት። ሳቋ ሊያመልጣት ነበር።

«ዶን ኤሊሂዮ፣ ከፋይሉ ስም መጨረሻ የነበሩት ነጥብና ሦስት ፊደላት የት ሄዱ?»

«ፋቅናቸዋ!» አሉ ኮራ ብለው። «ሸክላ ሲሆን በሳንቲም፣ ኮምፒውተር ሲሆን በቁልፉ። ስም ስም ነው!»

«እነዚያ ፊደላት እኮ ሙዚቃ መሆኑን ለኮምፒውተሩ የሚነግሩት ናቸው። ኤደር ማጫወቻውን ከፍቶ ፋይሉን ጎትቶ ያስገባው ነበር፤ ለዚህ ነው ያልቸገረው።»

ዋልቤርቶ በሳቅ ፈነዳ። «አማቴ ከሌባ ሲሸሽጉ ከራሳቸው ሸሸጉት!»

«አንተ ዝም በል! ልጄ ባታገባህ ኖሮ አጥሬንም አትደገፍም ነበር።»

ሦስቱን ፊደላት መለሰቻቸው። ጊታሩ ክፍሉን ሞላው፤ ተከትሎ የአንዲት አፍሪካዊት ድምፅ መጣ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

የማውዙን ቀስት ፋይሉ ላይ አሳረፈችው።

በስክሪኑ ላይ የፋይሉ መረጃ ያለባት ትንሽ ሳጥን ብቅ አለች።

ኤደር፣ ነፍሱን ይማርና፣ ከላይ ፍቆ የውስጡን ረስቶታል። አራት ቃላት፤ ሁለቱ የዘፋኟ፣ ሁለቱ የዘፈኑ። እኔ እዚህ አልጽፋቸውም፤ ሌላ ባለፒኮ ያነበው ይሆናል።

አንድ። ሁለት። ቃላቱን በልቧ ይዛ ቀስቱን አነሳች።

በሩ ላይ ዋልቤርቶ እጁን ዘረጋ።

«ቦርሳ።»

ሰጠችው። ካቻቢቴ፣ ሽቦ፣ የተጠቀለለ የካሳቫ ቂጣ።

«ኪስ። ጫማ።»

ከግራ ጫማዋ አንድ ነገር መዘዘ።

«ይሄስ?»

«ካርቶን ነው። ጫማው ሰፍቶኝ።»

አገላብጦ አየው። መለሰላት። የሚፈልገው ፍላሽ ነበር፤ ጭንቅላት የሚፈትሽ የለም።

«ሳትበዪ የት?» አሉ ዶን ኤሊሂዮ ከጓሮ። በስምንት ወር ውስጥ ይህን የጠየቋት እሳቸው ብቻ ናቸው። ዓሣ በኮኮናት ሩዝ አቀረቡላት። በላች፤ ግን ቀና ብላ አላየቻቸውም።

በማግስቱ ፓሴዮ ቦሊቫር ጎዳና ላይ፣ በረዶ በሽሮፕ ከሚሸጥበት ጋሪ አጠገብ፣ አሪስቲደስ ሳያያት ተናገረ።

«ድንቢጥ።»

«እሑድ እኔ ነኝ?»

«በአባትሽ አጥንት።»

አራቱን ቃላት በጆሮው ነገረችው። ሁለት ጊዜ ደገማቸውና በረዶውን ሳይቀምስ ሄደ።

እሑድ ከቀትር በኋላ መንገዱ ሰው በሰው ሆነ። ከሴሬኖ ኋላ የቆመው የአሪስቲደስ የእህት ልጅ ነበር።

«ቃልህስ?»

«ሬቦሎ ሁሉ ያውቅሻል። እዚህ ከታየሽ ማን እንደሰረቀ ይነቃብናል።» ትከሻዋን መታ መታ አደረገ። «ሰው የማይጠረጥረው ፊት ነው የተሰጠሽ። ሞንቴሪያ ከተማ ደግሞ የምትሰልዪው አንድ ፒኮ አለልሽ...»

የቀረውን አልሰማችም። ሴሬኖ ጀመረ።

ያው ጊታር ነበር።

ሕዝቡ እየጮኸ ወደ ሴሬኖ ጎረፈ። ማንታራያ ፊት የቀሩት ውሾችና ባዶ ጠርሙሶች ናቸው። እግሯ ወደዚያ ወሰዳት።

ዶን ኤሊሂዮ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል።

«ዋልቤርቶን አባረርኩት» አሉ። «የዚያ ክፍል ቁልፍ ያለው እሱ ነው። ልጄም አብራው ሄደች።» እጇን ያዙ። «የቀረሽኝ አንቺ ነሽ። ከቅዳሜ ጀምሮ ማንታራያን አንቺ አጫውቺልኝ። ሴት ናት ቢሉ ይበሉ፤ ምን ቸገረኝ!»

እሺ ማለት ብቻ ነበረባት። ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀችው ይህን ነው።

«ዋልቤርቶ አይደለም» አለች።

«ታዲያ ማነው? እዚያ የገባነው እኔ፣ እሱና...»

እጇን ቀስ ብለው ለቀቁ።

«እውነተኛ ስምሽ ማነው?»

«ኒዲያ።»

«ሂጂ፣ ኒዲያ። ዋልቤርቶን ሳላስጠራው ሂጂ።»

ሞንቴሪያ አልሄደችም። ቦጎታ ገባች፤ ብርድ ያለበት፣ ማንም ማንንም የማይጠይቅበት ከተማ። አዲስ ስም አወጣች። አንድ ሰኞ አንዲት ሴት ላፕቶፕ ይዛ መጣች፤ ዘፈኖቿ አልከፈት ብለዋታል። በአምስት ደቂቃ አስተካከለችላት። ሴትየዋ ሙዚቃውን ስትሰማ እዚያው ወገቧን ነቅነቅ አደረገች።

«ነይ እንጂ፣ አብረን!» አለቻት እጇን ዘርግታ።

«ሌላ ደንበኛ እየጠበቀኝ ነው።»

የሚጠብቃት ሰው አልነበረም።