የጉርሙ ተራ

ያ ክረምት ክፉ ነበር። ዝናቡ ከገባ አልወጣም። መብራት በፈረቃ ሆነ፤ ጄኔሬተሩ ናፍጣ አጥቶ ቆመ። ከወርክሾፑ ሠራተኞች ገሚሱ «እንጠራችኋለን» ተብለው ተሸኙ፤ የጠራቸው ግን የለም። የብየዳው ክፍል ተዘጋ፤ ማቅለጫው ቀዘቀዘ፤ የብረት መቅረጫ ቶርኖዎቹ ረድፍ ሸራ ለበሰ። አንድ ማሽን ብቻ ቀረ።

እሱም በአዳራሹ ጫፍ ያለው ትልቁ ቦሪንግ ነው። በኮምፒውተር ይታዘዛል፤ ወፍራም ዘንጉን አግድም ዘርግቶ፣ በዘንጉ ጫፍ በታሰረው ቢላ የከባድ ብረት ሆድ እየፋቀ ያሰፋል። የስኳር ፋብሪካዎች የአገዳ መጭመቂያቸውን ቀፎ በክረምት ለእድሳት ይልካሉና፣ ታፈረና ሙክታር ከሥራ ያልተሸኙት በእሱ ምክንያት ነው።

ሥራው ተራ አለው። አንዱ ቀፎው ውስጥ ገብቶ ቢላውን ያስተካክላል፤ ሌላው ከማዶ ከኮምፒውተሩ ፊት ይቆማል። ቀፎው ጎጆ ያህላልና አይተያዩም፤ የሚግባቡት በድምፅ ነው። ከማዶ ያለው ማሽኑን ለማስነሣት «ልልቀቅ?» ብሎ ይጠይቃል፤ የገባውም ወጥቶ ዳር ከያዘ በኋላ «ልቀቅ» ይላል። ገና ከሆነ፣ ቀድሞ የሚባለው «አትልቀቅ» ነበር። ከጉርሙ ወዲህ ግን ያ ቃል ተከለከለና «ቁም» በሚል ተተካ።

ጉርሙ ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት የሞተው በታፈረ ተራ ገብቶ ነው። የታፈረ ልጅ ሠርግ ነበር። «ሂድ፣ ልጅህን ዳር» አለው ጉርሙ፤ «ተራዬን ትመልስልኛለህ።» ታፈረ ከድንኳኑ ሥር እንግዳ ሲቀበል፣ ጉርሙ ከቀፎው ውስጥ «አትልቀቅ» አለ። ብረቱና የአዳራሹ ማራገቢያ ጩኸት «አት»ን በሏት፤ ከማዶ የነበረው ሰው የሰማው «ልቀቅ»ን ብቻ ነው። ያ ሰው ሥራውን ትቶ አገሩ ገባ። ታፈረ ቀረ፤ ያልመለሳት ተራም አብራው ቀረች።

ታፈረ መጀመሪያ ያስተዋለው ዘንጉን ነው። ሥራ ሲያበቁ ዘንጉን «ቤቱ» ይልኩታል፤ ቤት የሚሉት ከቀፎው ወጥቶ የሚያርፍበትን መነሻ ነው። ጠዋት ሲመጡ ግን ወደ ቀፎው ገባ ብሎ ያገኙት ጀመር። ኮምፒውተሩ ግን ቤቱ ነው ይላል።

«ቤት ሰልችቶት ነው» አለ ሙክታር። «እኔም ሚስቴ ስታኮርፍ እንደዚሁ ነኝ።»

«አፍህን ዝጋና ዘንጉን መልሰው።»

«እሺ ጋሼ። አንተም ቤት አኩርፈውብሃል መሰለኝ።»

ቀጥሎ ሽታው መጣ። ታፈረ ተራው ደርሶ ሲገባ፣ ከማቀዝቀዣው ዘይት ኮምጣጣ ሽታና ከተፋቀው ብረት ትኩስ ጠረን ሥር፣ ቀስ እያለ፣ ባትሪው ከማይደርስበት ጥግ፣ በእጅ የታሸ ዳማከሴ ይሸተው ጀመር፤ ጉርሙ ምች እየፈራ ክረምቱን ሙሉ አፍንጫው ውስጥ የሚወትፈው ዳማከሴ። ባትሪውን አዙሮ ቢያበራ ምንም የለም። ግድግዳውን በመዳፉ ቢዳስስ፣ ዝናቡ ያቀዘቀዘው ብረት ሁሉ እንደ በረዶ ሆኖ ሳለ፣ ሰው ቁጢጥ ብሎ ጀርባውን የሚያስደግፍባት አንዲት ቦታ ብቻ ለብ ብላ ትጠብቀው ነበር።

ለማንም አልተናገረም። ማሽኑ ከቆመ አዳራሹ መዘጋቱ ነው፤ የሙክታር ሚስት ደግሞ መውለጃዋ ደርሶ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ የጣሪያውን ቆርቆሮ ሲደበድብና የቀኑ ብርሃን በአቧራማዎቹ መስኮቶች ላይ ሲጠቁር፣ ተራው የሙክታር ነበርና እሱ ገባ። ታፈረ ከኮምፒውተሩ ፊት ቆሞ ጠበቀ። መፍቻው ብረቱን ሲነካ ይሰማዋል። ከዚያ የመፍቻው ድምፅ ተቋረጠ።

«ልልቀቅ?»

«ልቀቅ።»

ጣቱ ቁልፉን ነክቷል። ምን እንደያዘው አያውቅም፤ ምናልባት ድምፁ ጥድፊያ የሌለበት፣ ብዙ መጠበቅ የለመደ ሰው ድምፅ ስለነበረ ይሆናል። ሳይጫነው ቀረ።

«ጋሼ!» አለ ሙክታር ከቀፎው ሆድ ውስጥ። «መፍቻው ወደቀብኝ፤ እስቲ ባትሪህን ወዲህ በል።»

«አንተ... ልቀቅ አላልክም?»

«ውስጥ ሆኜ? አብጃለሁ እንዴ?»

ታፈረ እጁን ከቁልፉ አነሣ። ነገሩ ገባው። ጉርሙ ሰው አይመርጥም፤ ማንም ይሁን ማን፣ የሚፈልገው ተራው እንዲመለስለት ብቻ ነው። ታፈረ ካልመለሰ ከዚህ ልጁን ሊያቅፍ ቀን ከሚቆጥር ሰው ይወስዳል።

«ውጣ» አለ።

«አልጨረስኩም እኮ።»

«ውጣ አልኩህ። ቀሪውን እኔ ገብቼ እጨርሳለሁ።»

«ተራው የኔ ነው ጋሼ።»

«የኔ ነው።»

ሙክታር ወጣና አየው። «ፊትህ አመድ መስሏል። አሞሃል?»

«ስማኝ። ድምፄን ብትሰማም፣ ልቀቅ ብልህም፣ መጥቼ አጠገብህ ቆሜ ፊቴን ሳታይ ቁልፉን እንዳትነካ።»

«እንደ ሙሽራ ገልጬ ልይህ እንግዲህ?»

«ማልልኝ።»

ሙክታር ሳቁን ዋጠ። «ወላሂ፣ ፊትህን ሳላይ አልነካም።»

ታፈረ አጎንብሶ ገባ። ዘይቱ ከጫማው ሥር ተለጠፈ፤ የዝናቡ ድምፅ ከኋላው እየራቀ፣ እየታፈነ ሄዶ፣ ከወፍራሙ ብረት ማዶ የሌላ አገር ዝናብ መሰለ። ቢላውን አጠበቀ። አሸተተ፤ ዳማከሴው የለም። ግድግዳውን ዳሰሰ፤ ለብ ያለችው ቦታ እንደሌላው ቀዝቅዛለች። በቀፎው ውስጥ ከእሱ ሌላ ማንም አልነበረም። መግባቴ በቃው ይሆን ብሎ አሰበና፣ ከዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሹን እስከ ሆዱ ሳበ።

ያን ጊዜ ቁጢጥ ብሎ መቀመጡን አወቀ። መቼ እንደተቀመጠ አያስታውስም። ጀርባው ያቺን ቦታ ሞልቷታል፤ ከሥሩም ብረቱ ቀስ በቀስ መሞቅ ጀምሯል። ተነሥቶ ወደ መውጫው ሄደ፤ መውጫው በነበረበት እጁ ያገኘው ግድግዳ ነው። ዞረ፤ ግድግዳ ነው። ባትሪው ፈዘዘና ጠፋ። በጨለማው ውስጥ እየዳሰሰ ሳለ፣ ከውጭ በኩል፣ የማይቸኩል የሰው እርምጃ በእርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ከቀፎው እየራቀ ወደ ማዶ ሲሄድ ሰማ።

«ጨረስክ ጋሼ?» አለ የሙክታር ድምፅ። «እሰይ፣ ፊትህም ተመለሰ።»

ታፈረ «ቁም» ማለት ነበረበት። ድንጋጤ ግን የሚሰጠው የቆየውን ቃል ነው።

«አትልቀቅ!» ብሎ ጮኸ፤ ቀፎው የቃሉን ራስ ውጦ ጭራውን ብቻ ወደ ውጭ ሰደደው።

«እሺ፣ እለቃለሁ፤ አጠገቤ ቆመህ ምን ያስጮህሃል?» አለ ሙክታር እየሳቀ።

ሞተሩ ተነሣ፤ ዘንጉ በጨለማው ውስጥ መዞር ጀመረ፤ ከማዶም የታፈረ የራሱ ድምፅ፣ ጥድፊያ በሌለው አነጋገር፣ «ተራዬን የመለሰልኝን ሰው እየተሰናበትኩ ነው» ሲል ተሰማው።