የካዚሚሮ ሳቅ

በኩሪቲባ ከተማ፣ በአንድ ቤተ መጻሕፍት የድሮ ጋዜጦች ክፍል ውስጥ እሠራ ነበር። በሰኔ ወር አንድ ብርዳም ማክሰኞ፣ አንድ ረጅም ልጅ ካፊያው እንዳይነካበት ጃኬቱ ውስጥ የሸጎጠውን የሙዚቃ ሸክላ እንደ ሕፃን አቅፎ ገባ።

«የሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ስድስት ጋዜጦችን ፈልጌ ነበር» አለኝ።

«የትኛውን ወር?»

«ሁሉንም።»

ቀና ብዬ አየሁት። እየቀለደ አልነበረም።

ስሙ ኤቫንድሮ ነው። እሑድ እሑድ በአሮጌው አደባባይ ገበያ ላይ ያገለገሉ ሸክላዎች ይሸጣል። ያመጣው ሸክላ ሽፋኑ ላይ «የሰኞ ብርድ» የሚል የባንድ ስም ብቻ ነው ያለበት፤ የሰው ስም የለውም። በዚያ ዘመን፣ አገራችንን ይገዙ የነበሩት ወታደሮች ሥልጣን በለቀቁ ማግስት፣ የከተማችን ወጣቶች ጥቁር ለብሰው በየምድር ቤቱ ፖስት ፓንክ የሚባለውን ሙዚቃ ይጫወቱ ነበር። ብዙዎቹ አንድ ሸክላ አሳትመው ተበተኑ። ያስታወሳቸውም የለም።

ስልኩ ላይ የቀዳውን ሊያሰማኝ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ። ቤዝ ጊታሩ ከፊት ከፊት ይሄዳል። ሌላው ጊታር ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ነው። አንዲት ልጅ ሳታለቅስ፣ ሳትለማመጥ፣ ደረቅ ባለ ድምፅ ትዘፍናለች። ሦስተኛው ዘፈን ሊጀምር ሲል አንድ ወንድ ልጅ ይስቅና «አንዴ ድገሚው፣ ኤዱ» ይላል።

«ይቺ ኤዱ የምትባለው የት እንዳለች ማወቅ እፈልጋለሁ» አለ ኤቫንድሮ።

«ብታገኛትስ ምን ትላታለህ?»

ማዳመጫውን እየጠቀለለ «ሰምቼሻለሁ እላታለሁ» አለኝ።

ልቤ ወደ እሱ የሄደው ያን ጊዜ ይመስለኛል።

ሰባት ሳምንት ፈለግን። እኔ ጥራዙን አወጣለታለሁ፣ እሱ ጣቶቹ በቀለም እስኪጠቁሩ ያገላብጣል። መብላት ክልክል በሆነበት ክፍል ውስጥ፣ ብርድ ሲሆን የምንበላውን ትኩስ የተቀቀለ የጥድ ፍሬ በወረቀት ከረጢት ይዞ እየመጣ ከጠረጴዛው ሥር ያቀብለኛል። ዘበኛችን አቶ ኔሬው፣ በእኛ አጠራር ሴው ኔሬው፣ በበሩ ሲያልፉ ያዩናል።

«ጁሳራ» አሉኝ አንድ ቀን፣ «ይሄ ልጅ የሚያነበው ጋዜጣውን ነው ወይስ አንቺን?»

ኤቫንድሮ ጆሮው እስኪቀላ አፈረ። ራሱን ግን ከጋዜጣው አላነሳም።

የፈለግነውን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ፈገግ ብዬ ነበር ማንበብ የጀመርኩት። የየካቲት 1987 የሐዘን ማስታወቂያ ነበር። ካዚሚሮ የተባለ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት፣ «የሰኞ ብርድ» የተባለው ባንድ ጊታር ተጫዋች፣ ማቲንዮስ ባሕር ዳርቻ ሲዋኝ ማዕበል ወስዶታል። አስከሬኑ አልተገኘም። እናቱ ስታኒስላቫና እህቱ ኤድቪዢስ በሐዘን ላይ ናቸው ይላል።

የሚስቀው ልጅ እሱ ነበር፤ «ኤዱ» የሚላትም እህቱን ኤድቪዢስን ነው። ኤቫንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ እጄን የያዘኝ በዚያ ገጽ ላይ ነው።

ወይዘሮ ኤድቪዢስን፣ በእኛ አጠራር ዶና ኤድቪዢስን፣ በከተማው ዳር፣ የእንጨት ቤት ውስጥ ከእናታቸው ጋር ሲኖሩ አገኘናቸው። ሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ በአንድ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ይሠራሉ። እቤት፣ ከወጥ ቤቱ መስኮት አጠገብ እናትየው፣ ዶና ስታኒስላቫ፣ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሬዲዮ ያዳምጣሉ። ከነቁ ጀምሮ እስኪተኙ ሬዲዮው አይጠፋም።

ዶና ኤድቪዢስ ሸክላውን ሲያዩ ክንዳችንን ይዘው ወደ ጓሮ አወጡን።

«ከየት አመጣችሁት? እኔ ያለኝን ሁሉ አቃጥያለሁ።»

«ዶና ኤድቪዢስ፣ ይሄ ተደብቆ መቅረት የለበትም» አለ ኤቫንድሮ። «እንደገና ሊያሳትመው የሚፈልግ የውጭ አገር ድርጅት አለ። እርስዎ እሺ ካሉኝ...»

«እናቴ ልጇን አልቀበረችም» አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ባሕሩ አልመለሰውም። አሥር ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ሳሕኑን ስታቀርብለት ኖራ፣ ስንት ለፍቼ ነው ያስተውኳት። ሳቁን ከሰማች ተመልሳ እዚያው ናት።»

ኤቫንድሮ መሬት መሬት ያይ ጀመር። ዶና ኤድቪዢስ እጁን ያዙት።

«እሷ እስክታርፍ ጠብቁኝ፣ ልጆቼ። ሰማንያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከዚያ በኋላ እኔው ራሴ እሰጣችኋለሁ።»

«እጠብቃለሁ» አለ።

እኔም «እንጠብቃለን» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ዓመት የሕይወቴ ጥሩው ዓመት ነበር። እሑድ ከሸክላዎቹ ጋር አብሬው እቆማለሁ። ቅዳሜ ለዶና ስታኒስላቫ ብስኩት ይዘን እንሄዳለን። እሳቸው እኔን «ቀጭኗ» ይሉኛል፣ ኤቫንድሮን «ፀጉርህን ተቆረጥ እንጂ» እያሉ ይቆጡታል። በመስከረም ልንጋባ ተነጋገርን።

በግንቦት ግን አንድ የሳን ፓውሎ ሸክላ ሰብሳቢ የዚያኑ ሸክላ ሌላ ቅጂ ማግኘቱን ሰማን። ኤቫንድሮ እንቅልፍ አጣ።

«ይቀድመኛል፣ ጁ» አለኝ። «እሱ ማንንም ሳይጠይቅ ያወጣዋል።»

«ያውጣው። ቃል የገባነው እኛ ነን እንጂ እሱ አይደለም።»

«አንቺ አይገባሽም። ያገኘሁት እኔ ነኝ።»

«ያገኘነው» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ነገሩን አላነሳውም። እኔም ዝምታውን እሺታ አድርጌ ወሰድኩት።

በሐምሌ፣ አንድ ጠዋት፣ የጋዜጣ ጥራዝ ተሸክሜ በሴው ኔሬው በር ሳልፍ ትንሿ ሬዲዮዋቸው ስትስቅ ሰማሁ። ቆምኩ። «አንዴ ድገሚው፣ ኤዱ።» ከዚያ ድራሙ ገባ።

«ይሄ ያንቺው ልጅ ያገኘው አይደል?» አሉኝ ሴው ኔሬው ደስ ብሏቸው። «ዛሬ ስለሱ ሲያወሩ ነው ያረፈዱት። ውጭ አገር ታትሞ ወጣ አሉ።»

ጥራዙን ጠረጴዛቸው ላይ ጥዬ ወጣሁ። ዶና ኤድቪዢስ ሥራ ላይ ናቸው፤ ስልክ አያነሱም። አውቶቡሱ ያለወትሮው ቀርፋፋ መሰለኝ።

እነ ዶና ኤድቪዢስ ቤት ስደርስ በሩ ተከፍቷል፤ ሬዲዮው ይጫወታል። ብርድ ልብሱ ወለል ላይ ወድቋል። ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሳሕንና አንድ ሹካ ተቀምጠዋል።

ዶና ስታኒስላቫን ያገኘኋቸው ከመንገዱ ጥግ፣ አውቶቡስ ማቆሚያው አግዳሚ ላይ ነው። በነጠላ ጫማና በቤት ልብስ፣ ፀጉራቸው በካፊያው ርሶ፣ ከአውቶቡስ የሚወርደውን ሰው ሁሉ ያያሉ። ኮቴን አውልቄ አለበስኳቸው።

«ቀጭኗ» አሉኝ፣ «ካዚሚሮን አይተሽዋል? አሁን ቤት ውስጥ ነበር፤ ሲስቅ ሰማሁት። ወጥቼ ሳየው የለም። ጃኬት እንኳ ሳይለብስ።»

ምን ልበላቸው?

«እየመጣ ነው» አልኳቸው። «ቤት ሆነን እንጠብቀው።»

«አይ፤ እዚሁ ይወርዳል። ሁልጊዜ እዚሁ ነው የሚወርደው።»

ሦስት አውቶቡስ እስኪያልፍ አብሬያቸው ተቀመጥኩ። እጃቸው በረዶ ነበር። በአራተኛው ላይ ደክሟቸው ትከሻዬ ላይ ተደገፉ። ያን ጊዜ ከማዶ ካለው ዳቦ ቤት የወጣ አንድ ሰው ረድቶኝ ተሸክመን አስገባናቸው።

የሳንባ ምች ያዛቸው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሆስፒታል ውስጥ አረፉ። እስከ መጨረሻው «በሩን አትዝጉበት» ይሉ ነበር። ዶና ኤድቪዢስም የሆስፒታሉን ክፍል በር ከፍተው አደሩ።

ኤቫንድሮን ያነጋገርኩት ከቀብሩ ማግስት፣ አደባባዩ ላይ ነው። ፊቱ ከስቷል። ቀብሩ ላይ ከመቃብሩ ግንብ ውጭ ቆሞ አይቼዋለሁ፤ መግባት አልደፈረም።

«ሬዲዮ ላይ ይወጣል ብዬ አላሰብኩም» አለ። «በእናቴ እምላለሁ። ውጭ አገር ብቻ ነው የመሰለኝ። ደግሞም ለእሳቸው ብዬ ነው፤ ለዶና ኤድቪዢስ። ስንት ሰው እየወደዳቸው እንደሆነ ብታይ...»

«ለእሳቸው ብለህ ቢሆን ትጠይቃቸው ነበር። ቢያንስ እኔን ትጠይቀኝ ነበር።»

«እንቢ እንደምትይኝ አውቅ ነበር።»

«መቼ ነው ለድርጅቱ የሰጠኸው?»

ዓይኑን አሸሸ። «በግንቦት መጨረሻ።»

ሁለት ወር ቆጠርኩ። ሁለት ወር ሙሉ አብሮኝ ብስኩት ይዞ ሄዷል፤ ወጥ ቤቱ ውስጥ፣ ሬዲዮው አጠገብ ተቀምጦ ከአሮጊቷ ጋር ስቋል። ይህን ስሰማ በእሱ ላይ የነበረኝ እምነት ሞተ።

«የመስከረሙ ነገር ቀርቷል» አልኩት።

ተከትሎኝ ሁለት እርምጃ ተራመደ። ከዚያ ቆመ። እንዲቆም ፈልጌ ነበር፤ ሲቆም ግን አመመኝ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ዶና ኤድቪዢስ ዘፈኑ። ወጣቶች ተሰብስበው ለምነዋቸው፣ በአንዲት ትንሽ አዳራሽ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ። የሥራ ጫማቸውን እንዳደረጉ መድረክ ላይ ወጡ። ሸክላው መጀመሪያ ሲታተም ያልተወለዱ ልጆች ቃሉን ሁሉ በቃላቸው ያውቁታል። «ይሄን የጻፈው ወንድሜ ነው» አሉ። ከዚያ በዚያው ደረቅ ድምፃቸው ጀመሩ።

ኤቫንድሮን ከወዲያኛው ግድግዳ አየሁት። ፀጉሩን ተቆርጧል። እሱም አየኝ። ዘፈኑ እስኪያልቅ ዓይናችንን አንዳችን ከሌላው አላነሳንም፤ ከዚያ እኔ ወደ ውጭ ወጣሁ። ተከትሎኝ መጣ።

«ይቅር ብለውኛል» አለ። «አምና ቤታቸው ሄጄ ነበር።»

«ነግረውኛል።»

«አንቺስ?»

«እኔ አልተቀየምኩህም፣ ኤቫንድሮ። የምትነግረኝን ማመን ነው ያቃተኝ።»

«አሁንም?»

ውሸት መናገር ፈልጌ ነበር።

«አሁንም።»

ራሱን ነቀነቀ። ከውስጥ ሰዉ እያጨበጨበ እንዲደግሙለት ዶና ኤድቪዢስን ይለምናል። ሊገባ ዞረና በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። እንዳልተከተልኩት ሲያይ ብቻውን ገባ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አላየሁትም። ሌላ አገባ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እውነት ይሁን አይሁን አልጠየቅሁም። እወደው እንደሆነ የሚጠይቀኝ ሰው የለም። ቢኖር ግን አዎ ነው የምለው።