ለአኻያው የተሰጠ ቃል

ታላቁ ጦርነት በተጀመረ በሦስተኛው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ ወንዙ ከከተማይቱ በታች በሚታጠፍበት ስፍራ ውሃው ገና ጠርቶ ይፈስ ነበር፤ በዳርቻው በረድፍ የቆሙት የአኻያ ዛፎችም ቅርንጫፋቸውን ወደ ውሃው አዘንብለው፣ ሥሮቻቸውን በአፈሩ ውስጥ አቆላልፈው፣ ከኋላቸው ያለውን የሸክላ ሠሪዎች ሰፈር ደግፈው ይዘውት ነበር። ያስተከላቸው የወንዝ ዳር ሹሙ ነው፤ ከብዙ ዓመት በፊት ወንዙ ዳርቻውን ሸርሽሮ የሰፈሩን እኩሌታ ከነሰዉ ከወሰደ ወዲህ፣ አፈሩን ከጎርፍ መጠበቅ ሹመቱም ጭንቀቱም ሆኖ ነበር። መዶሻና ችካል ከእጁ ስለማይለይ ሕዝቡ «ካስማው» ይለዋል፤ ሚስቱም ስትቆጣ፣ «ሰው ሚስቱን ያቅፋል፤ የእኔው ግን ችካል!» ትለው ነበር።

በዚያ ሰሞን የመጣው ወሬ ግን ቀልድ የሚያስረሳ ነበር። የአገሩ ጦር ተሸንፎ እያፈገፈገ ከወንዙ ማዶ ደረሰ፤ ጠላት በኋላው ይከተለዋል፤ የድንጋዩ ድልድይ ቀድሞ በመድፍ ፈርሷል። ማዶ ከቀሩት ወታደሮች መካከል የካስማው አንድያ ልጅ ይገኝ ነበር።

የጦር አበጋዙ በታንኳ ተሻግሮ ወደ ሹሙ ጽሕፈት ቤት ገባ፤ ጠባቧ ክፍል በችካል እስርና በገመድ ጥቅል ስለ ተሞላች መቀመጫ አጥቶ ቆመ።

«ሹም ሆይ፣ አኻያዎቹን እፈልጋቸዋለሁ፤ ለድልድይ የሚሆን ሌላ እንጨት በአቅራቢያ የለም» አለ።

«ጌታዬ፣ ክረምቱ ደጅ ላይ ነው፤ ዛፎቹ ከተቆረጡ ወንዙ ሰፈሩን ይበላዋል።»

«ካልተቆረጡ ደግሞ ጦሬን ጠላት ይበላዋል። በድሮው አዋጅ ያለ አንተ ፈቃድ እንደማይነኩ አውቃለሁ፤ በጉልበት ላደርገው እችላለሁ፤ ባላደርገው ግን እመርጣለሁ።»

ካስማው ከእስሩ አንድ ችካል መዝዞ ያገላብጥ ጀመር። እሺ ቢል የሰው ቤት አስፈርሶ ልጁን እንዳዳነ ይቆጠርበታል፤ እምቢ ቢል ልጁን በገዛ እጁ ለጠላት መስጠቱ ነው። ደጅ ቆማ የሰማችው ሚስቱ ዘልቃ ገባች።

«አንተ ሰው፣ ምን ትጠብቃለህ? ልጄ እኮ ማዶ ነው!»

«ምላሴን ያሰረው እሱው አይደል?» አላት፤ ወደ አበጋዙም ዞሮ፣ «ጌታዬ፣ የልጅ አባት ነኝና በዚህ ነገር ዳኛ ልሆን አይገባኝም፤ ቤቷ የሚፈርስባት ትናገር» ብሎ ወደ ሰፈሩ ይዞት ወረደ።

ለወንዙ ከሁሉ ቅርብ በሆነችው ቤት የምትኖረው አሮጊት ሸክላ ሠሪ ናት፤ ያኔ ጎርፉ ባሏን ወስዶባታል። እጇን ከጭቃው ሳታወጣ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰማች።

«ወንዙ ባሌን ሲወስደው ማንም አላማከረኝም፤ ዛሬ ገና ተጠየቅሁ» አለች። «ቁረጡት። እዚህ ተቀምጬ ማዶ ሰው ሲታረድ እያየሁ ገንቦ አልሠራም። ግን ሹም፣ አኻያ ሲቆረጥ ይሞታል እንዴ?»

«ጉቶው ከቀረለት አይሞትም እማማ፤ ቅርንጫፉም እርጥብ አፈር ካገኘ ያቆጠቁጣል። ዳርቻውን በቅርንጫፍ ሸፍነን በችካል ብንቸነክረው ክረምቱን ይችል ይሆናል፤ ይህ ግን ብዙ እጅ ይፈልጋል።»

«እንግዲያው የሚሻገሩት ሁሉ ሳይሄዱ ችካል ይምቱ። ጋን በጠጠር ይደገፋል ይባል የለ? ጋኑ እርስዎ ነዎት ጌታዬ፤ ጠጠሩም ግን ቤት አለው።»

አበጋዙ ፈገግ ሊል ቃጣውና ተወው፤ «ቃሌ ነው፤ ሥራው ሳያልቅ ጦሩ ከዚህ አይነቃነቅም» አለ።

የመጀመሪያውን ዛፍ የቆረጠው ካስማው ራሱ ነው፤ ጉቶው እንዳይነካ እየለመነ፣ እየተቆጣም፣ ወታደሮቹን አሳያቸው። ግንዶቹ ተጋደሙ፤ ጦሩ ተሻገረ፤ ጠላት እንዳይከተልም ድልድዩ ወዲያው ፈረሰ። ልጁ ከስቶ፣ ክንዱን በጨርቅ አስሮ ሲመጣ እናቱ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ አባቱ ግን ትከሻውን እንደያዘ ቆመ።

በማግስቱ ጠዋት መልእክተኛ ደረሰ፤ ጠላት በሌላ መሻገሪያ ዞሮ ወደ ዋናው ከተማ እየገሰገሰ ነበር። አበጋዙ ቅርንጫፍ ወደሚነጠፍበት ዳርቻ መጣ።

«ሹም ሆይ፣ ቃሌን ልበላ ነው። ዋናው ከተማ ከአንድ ሰፈር ይበልጣል።»

«ይበልጣል ጌታዬ» አለ ካስማው፤ ጎንበስ ብሎም ቅርንጫፉን ማንጠፍ ቀጠለ።

መለከት ተነፋ። ጦሩ ሲሰለፍ ልጁ ከሰልፉ ወጥቶ፣ በደህናው እጁ መዶሻ አንስቶ፣ «አባዬ፣ የቱ ጋ ልምታ?» አለ።

«ሂድ ልጄ! ከዳተኛ ይሉሃል።»

«እኔ እኮ የተሻገርሁት የእነዚህን ሰዎች ቤት ረግጬ ነው፤ እንዴት ብዬ ልሂድ?»

ከእርሱ በኋላ አንድ ሽማግሌ ወታደር፣ ቀጥሎም ጥቂት ጓደኞቹ መሣሪያቸውን አስቀምጠው ወረዱ። አበጋዙ ከፈረሱ ላይ አያቸው፤ ተኩሱባቸው ሊል ይችል ነበር፤ ፊቱን አዙሮ ሄደ።

ክረምቱ ሲገባ ወንዙ ደፍርሶና አብጦ መጣ። ሰፈርተኛው ከቀሩት ወታደሮች ጋር በዝናብ ውስጥ ቅርንጫፍ አነጠፈ፣ ገመድ ጎተተ፣ ውሃው የነቀለውን ችካል መልሶ መታ፤ ያም ሆኖ የአሮጊቷ ቤትና የሸክላው ምድጃ ተንደው ሄዱ። ሰው ግን አልሞተም፤ የቀረው ሰፈርም ቆመ። አሮጊቷ ከዚያ ወዲህ የኖረችው በካስማው ቤት ነው፤ ከሚስቱ ጋርም በጭቃው ነገር ሳይነታረኩ የዋሉበት ቀን የለም ይባላል።

ውሃው ሲጎድል ጉቶዎቹ አቆጠቆጡ፤ ሰላም ወረደ፤ የጦር ችሎቱም የከዱትን መፈለግ ጀመረ። አበጋዙ በዋናው ከተማ በር ሲዋጋ ወድቆ ነበርና የሰጠውን ቃል ለልጁ የሚመሰክርለት አልተገኘም፤ ካስማው ቢናገር የአባት ምስክርነት ተባለ፤ አሮጊቷ ብትናገር ያረጀች ሴት ወሬ ተባለ። ልጁ መንገድ እንዲጠርግ ተፈርዶበት ወደ ሩቅ አገር ተጋዘ፤ ሲመለስ ጠጉሩ ሸብቶ ነበር፤ አባቱን በሕይወት አላገኘውም።

የዚያ ዘመን ዜና መዋዕል፣ አበጋዙ በጥበቡ ጦሩን አሻግሮ ዋናውን ከተማ እንዳዳነ፣ በመሻገሪያውም ጥቂት ፈሪዎች እንደ ከዱ ይተርካል። ጸሐፊው አልዋሸም ይሆናል፤ ጦሩ ተሻግሯል፤ ከተማውም ድኗል። ስለ ሰፈሩ ግን አንድ ቃል የለም፤ ቢጠፋ ኖሮ በጠፉት መካከል በተጻፈ ነበር፤ ሳይጠፋ ለቀረ ነገር ግን ለምን እንዳልጠፋ የሚጠይቅለት የለም።