የእሁድ ቀሪዎች

«አልታዬ አድማሴ!»

አበቡ ስሙን ሁለት ጊዜ ጠራችው። አንዴ ይበቃ ነበር፤ አልታዬ እንደሌለች ከማንም በፊት ያየችው እሷው ናት። ግን ሁሉም እንዲሰማ ፈለገች።

«ፎርፋለች!» አለ ከኋላ አንድ ልጅ። «ቅዳሴ ላይ ናታ!» አዳራሹ በሳቅ ተሞላ።

አበቡ ከስሙ ትይዩ የመቀነስ ምልክት አሰመረች፤ ወረቀቱ እስኪሰረጎድ ተጭና። ይህ የአልታዬ ሁለተኛ ቀሪ ነው። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

የወጣት ማኅበሩ ስብሰባ በየእሁዱ ጠዋት፣ ከመካነ ሰላም ከተማ ወጣ ብሎ በተሠራው የቆርቆሮ አዳራሽ ይካሄዳል። ሰዓቱ ከቅዳሴ ጋር የገጠመው እንዲያው በአጋጣሚ አይደለም። ሊቀመንበሩ ቢተው፣ ካኪ ኮቱን ክረምት ከበጋ የማያወልቀው የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ፣ «ወጣቱ ከሁለቱ አንዱን ይምረጥ» ብሎ ያደረገው ነው። በቅርቡ ደግሞ አዲስ ደንብ አወጣ፤ ሦስት እሁድ የቀረ ልጅ፣ ቤተሰቡ በሙሉ ከእርዳታ ስንዴው ይሰረዛል። ዓመቱ ሰባ ሰባት ነው። ስንዴው ከሌለ ሌላ የሚበላ የለም።

ስም ጠሪ ሲፈለግ አበቡ ማንም ሳይጠይቃት እጇን አወጣች። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ጽሕፈቷም ያምራል። ቢተው የአብዮት ፍቅር መስሎት ደስ አለው። እሷ ግን ከአብዮቱ ጋር ምንም ጉዳይ አልነበራትም። ጉዳይዋ ከአልታዬ አባት፣ ከመምሬ አድማሴ ጋር ነው።

የአበቡ እናት ብዙዬ ባለፈው ጥር ሞታለች። አባቷ በሰፈራ ወደ ወለጋ ከሄደ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። ሐምሌ ላይ፣ ከቤት የሚሸጥ ነገር ሁሉ ሲያልቅ፣ ብዙዬ ያላትን አንድ ነጠላ ገበያ አውጥታ በሁለት ጣሳ ገብስ ለወጠችው። ነጠላ የሌላት ሴት ደግሞ ቤተ ክርስቲያን አትሄድም፤ ሰው ፊት ራቁቷን የምትቆም ያህል ይሰማታል። ስለዚህ በየእሁዱ የአቦ ደወል ሲደወል ብዙዬ ወደ ጓሮ ትወጣለች፣ ጆንያ ትከሻዋ ላይ ጣል ታደርጋለች፣ ፊቷን ወደ ደብሩ መልሳ ቅዳሴው እስኪያልቅ ድረስ ትቆማለች።

«እዚህ ሆነሽ ምን ይሰማሻል?» አለቻት አንድ ቀን አበቡ።

«የኔ መስማት ምን ያደርጋል? እሱ ከሰማኝ ይበቃል» አለች እናቷ። ከዚያ ለሰው እንዳትናገር አስማለቻት። ማጣት አያሳፍርም ይባላል እንጂ ያሳፍራል።

ስትሞት የንስሐ አባቷ መምሬ አድማሴ ቃሬዛውን የደብሩ በር ላይ አስቆሙት። «ስድስት ወር ሙሉ ይህን ደጅ አልረገጠችም። ንስሐ አልገባች፣ አልቆረበች። ምን ብዬ ላስገባት?» አሉ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። አበቡ «ጓሮ ቆማ ትጸልይ ነበር!» እያለች ጮኸች፤ የልጅ ለቅሶ ነው ብለው ወደ ኋላ ጎተቷት። ብዙዬ ያለ ፍትሐት፣ ከቅጥሩ ውጭ፣ ኮሶው ሥር ተቀበረች። ጉድጓዱን የቆፈሩት የጎረቤታቸው የእትዬ ሀሊማ ወንድሞች ናቸው። እትዬ ሀሊማም እጃቸውን ዘርግተው «ዱዓ በር አይጠይቅም፤ አላህ ይማርሽ እህቴ» አሉ። አበቡ ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳቸው ዘንድ ትኖራለች። ደብሩንም ረግጣው አታውቅም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። መምሬ አድማሴ በቀሪ ፈረዱ፤ እሷም በቀሪ ትፈርዳለች።

ሐሙስ ከትምህርት መልስ አልታዬን ወንዝ ዳር አገኘቻት። ትንሿ በልግ ያበቀለችውን ሳማ ለወጥ ትለቅማለች፤ ጣቶቿ ተለብልበው አብጠዋል። ድሮ አንድ ዴስክ የሚጋሩ ጓደኛሞች ነበሩ፤ ከጥር ወዲህ ግን ሰላምታም የላቸውም።

«ሁለት ቀሪ አለብሽ» አለች አበቡ።

«አውቃለሁ።»

«ሦስተኛው ሲሞላ ምን እንደሚመጣም ታውቂያለሽ።»

«ስድስት ነን ቤት ውስጥ። አውቃለሁ አልኩሽ እኮ።» አልታዬ ከሳማው ቀና አላለችም።

አበቡ ልመና ጠብቃ ነበር። ለልመናው የምትመልሰውን ከሰኞ ጀምራ ስታሰላስል ነው የሰነበተችው። ልመናው ሲቀር ተናደደች።

«እሺ፣ አንድ መውጫ ልስጥሽ። እሁድ ስብሰባ ነይና ሰው ፊት ቁሚ። ‹ቤተ ክርስቲያን ያልሄደ ሁሉ እምነት የለውም ማለት አይደለም፤ አባቴ በብዙዬ ላይ የፈረደው ያለ አግባብ ነው› በይ። ሁለቱንም ቀሪ አጠፋልሻለሁ።»

አልታዬ አሁን ቀና አለች። «የቀብሩ ቀን ስትጮኺ ሰምቼሻለሁ። የእናትሽ ጸሎት ከጓሮም ሆኖ ደርሷል ብዬ አምናለሁ። ይኸው ላንቺ ተናገርኩ። ቢተው ፊት ግን አልናገርም። እሱ አቦን ሊዘጋበት እንጂ እናትሽን ሊያከብርበት አይደለም የሚፈልገው።»

«እናቴ የተዋረደችው በሰው ፊት ነው። ወንዝ ዳር በሚባል ሹክሹክታ ክብሯ አይመለስም።» አበቡ ጠጋ አለቻት። «ከቤትም ይሰማል ካልሽ፣ አንቺስ ቤትሽ ሆነሽ ብትጸልዪ ምን አለበት? ስድስት ሰው ከምታስርቢ?»

አልታዬ ያበጡ ጣቶቿን እያሻሸች አሰበች። «ግዴታ ስለሆነ አይደለም የምሄደው። እዚያ ከሰው መሀል ስቆም ረሃቡ የኔ ብቻ አይመስለኝም። አንቺ ግን ተጠንቀቂ፤ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል።»

«እኔ መቼ ጸለይኩ?» አለች አበቡ። «ቂሙን ብቻ ነው የያዝኩት።»

እሁድ ደረሰ። የአቦ ደወል ከአዳራሹ ድረስ ይሰማል። አበቡ በሩን በሩን እያየች ስም መጥራት ጀመረች። «አለሁ!» «አለሁ!» ይላሉ ልጆቹ በየተራ። አልታዬ አልመጣችም። ቢተው ከኋላዋ መጥቶ በትከሻዋ አሻግሮ ደብተሩን አየና ፈገግ አለ።

«የቄሱ ልጅ ዛሬ ሞላላት አይደል?» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ማክሰኞ ስንዴው ሲመጣ አባትዮውን ከሰልፉ መሀል አስቁሜ፣ ሰው እያየ ነው የምሰርዛቸው። ለምን ቀረች ምናምን አልጠይቅም። ያልተገኘ አይበላም፤ አለቀ።»

አበቡ ስትመኘው የከረመችው ይህንኑ ነበር። መምሬ አድማሴ በሰው ፊት ሲቆሙ፣ ሲመለሱ፣ ባዶ ጆንያቸውን ይዘው ሲሄዱ። ትዕይንቱን እንደ ማር አጣጣመችው። ግን ትዕይንቱ እዚያ ላይ አላበቃላትም፤ መምሬ አንገታቸውን ደፍተው «እግዚአብሔር ይመስገን» ሲሉ ታያት። አሮጊቶቹ ሲያለቅሱ፣ እያንዳንዱ ሰው ከራሱ ስንዴ አንዳንድ እፍኝ ሲዘግንላቸው፣ «ስለ ሃይማኖታቸው የተራቡ አባት» ሲባሉ። ቢተው በአንድ ጠዋት ጻድቅ ሊያደርጋቸው ነው! እዳው ደግሞ ሳማ ለሚለቅሙት ልጆች ይተርፋል። ረሃብማ ማንንም ይመታል፤ እናቷንም መትቷል። አበቡ የፈለገችው እሳቸው እንዲራቡ አልነበረም፤ እንዲያፍሩ ነው።

ቢተው ፈቀቅ ሲል የአልታዬን ስም ዘለለችው። ከስሙ ትይዩ የመደመር ምልክት አደረገች።

«ስንት ቀሪ?» አለ ቢተው መጨረሻ ላይ።

«ሦስት ልጆች» አለችና የሌሎችን ስም አነበበችለት።

«የቄሱ ልጅስ?»

«መጥታ ነበር። ሆዷን ቆርጧት ወጣች።» ውሸቱ እንዲህ ቀልሎ መውጣቱ ራሷን ገረማት። ከተያዘች የምትሰረዘው እሷ ናት፤ ከእሷም ጋር እትዬ ሀሊማ። ቢተው ወደ ልጆቹ ዞረ። ያ «ፎርፋለች» እያለ የሚጮኸው ልጅ እንኳ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ ነበር። አንድም ሰው አልተነፈሰም።

ከስብሰባው በቀጥታ ወደ መምሬ አድማሴ ቤት ሄደች። መምሬ ከቅዳሴ ተመልሰው ጥምጥማቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ደጃፍ ተቀምጠዋል። ከውስጥ የተቀቀለ ሳማ ይሸታል። አልታዬ በሩ ላይ ቆማ ዐየቻት።

«መምሬ» አለች አበቡ። በልቧ «አንተ» ማለት ከጀመረች ቆይታለች፤ አንደበቷ ግን እምቢ አላት። «ዛሬ አልታዬ ተገኝታለች ብዬ ጽፌአለሁ። የማክሰኞ ስንዴያችሁ አይቀርም።»

«እግዚአብሔር ያሳድግሽ፣ እግዚ…»

«አይመርቁኝ። ለምርቃት አልመጣሁም። ልጅዎ ሳትኖር አለች ብዬ ጻፍኩላት። እናቴ ግን እያለች ነው የለችም ያሏት። በየእሁዱ ነበረች።»

መምሬ ሳይቆጡ ተናገሩ። «ኅዳር ላይ ቤታችሁ መጥቼ ነበር፣ ልጄ። በሩን የከፈትሽልኝ አንቺ ነሽ። ‹እናቴ የለችም› አልሽኝ።»

አበቡ ይህን ቃል እንደሚያነሡባት ታውቅ ነበር። ከጥር ጀምሮ ስትሸሸው የኖረችው እሱን ነው። የዚያን ቀን እናቷ ከበሩ ጀርባ ነበረች፤ ጆንያዋን እንደ ለበሰች፣ ለንስሐ አባቷ የምታቀርበው ቁራሽ አጥታ፣ በእጇ «የለችም በይ» እያለች። አበቡም አለች።

«አዎ፣ ዋሸሁ» አለች። «እናቴ አፍራ ነበር የተደበቀችው። ታዲያ አንድ ልጅ የለችም ስላለችዎ፣ የለችም ብለው ቀሩ? ደግመው ቢመጡ ምን ነበረበት? እሷ ከቤቷ እስከ ደብሩ መምጣት ሲያቅታት፣ እርስዎ ከደብሩ እስከ ቤቷ መምጣት አይችሉም ነበር?»

መምሬ አድማሴ በሩ ላይ ከቆመችው ልጃቸው ዐይናቸውን አሸሹ። አበቡ ይህን ስታይ ደስ አላት፤ ደስ ማለቷንም አልደበቀችም።

«የሚመጣው እሁድ ቅዳሴው ሲያልቅ፣ ሰው ሳይበተን፣ ከቅጥሩ ይውጡ። ኮሶው ሥር ቆመው ፍትሐቷን ያድርሱላት። ለምን እንደቀረችም፣ ለምን እንዳስቀሯትም ለሰው ይንገሩ።»

«ከቅጥር ውጭ…» አሉና አቋረጡት። «ባልመጣስ?»

«ባይመጡም የጻፍኩትን አልመልሰውም። ስንዴውን ይብሉ። በበሉ ቁጥር ግን ያበላችዎ የብዙዬ ልጅ መሆኗን ይወቁ።»

ይቅር አላለቻቸውም። ይቅር ልትልም አልነበረም የሄደችው። አልታዬ እስከ አጥሩ ሸኘቻት፤ ሁለቱም ምንም ሳይናገሩ ተለያዩ።

ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቢተውን አገኘችውና ደብተሩን ሰጠችው።

«የሚመጣው እሁድ ስም የሚጠራ ሌላ ሰው ፈልግ፣ ጓድ ቢተው።»

«ምን ሆነሽ?»

«አልኖርም።»

ቢተው ዐይኑን አጠበበ። «ቤተ ክርስቲያን ልትሄጂ እንዳይሆን?»

«እስከ ቅጥሩ ድረስ ነው። ወደ ውስጥ አልገባም።»

መምሬ ይውጡ አይውጡ አታውቅም። ቢወጡም ባይወጡም እሷ እናቷ አጠገብ ትቆማለች፤ ፊቷን ወደ ደብሩ መልሳ ይሁን ጀርባዋን ሰጥታ፣ እሱን ገና አልወሰነችም።

«ደንቡ ለሁሉም አንድ ነው» አለ ቢተው ደብተሩን እያወዛወዘ። «ቀሪ ብዬ ነው የምጽፍሽ፤ በኋላ እንዳታለቅሺ።»

«ጻፈኛ» አለችው፤ ደወሉ ተደውሎ ስለነበር ወደ ክፍሏ ሄደች።