የሐሮ ዲማ ድምፆች

ኢፍቱ ወደ ቤተ መዛግብቱ ከመግባቷ በፊት እንደ ወትሮው ትንፋሿን ለበሩ አስረከበች። በሳነቴ ተራራ ሆድ ውስጥ የሰው ትንፋሽ አይፈቀድም፤ እርጥበቱ ካሴቶቹን ያበላሻል። ሠራተኛው ሁሉ አፍና አፍንጫውን በጭንብል ይሸፍንና ትንፋሹ በቱቦ ተስቦ በተራራው አናት ይወጣል። ውርጭ ባለበት ጠዋት ከዚያ ላይ ቀጭን ጉም ሲነሣ ያዩ የጎባ ሰዎች «ኢፍቱ ሥራ ገባች» ይባባላሉ።

ውስጥ ስድስት መቶ ሺህ ካሴት አለ። የሚያነሣቸው ሰው ሳይሆን «ለቃሚ» የሚሉት፣ ከጣሪያ ሐዲድ ላይ የተንጠለጠለ ባለ አንድ ክንድ ማሽን ነው። የታዘዘውን ከመደርደሪያው መዝዞ ለአንባቢው ማሽን ያጎርሳል፤ ሲነበብ ያበቃውን ወደ ቦታው ይመልሳል። ዘንድሮ ግን መመለስ ቀርቷል። ቴፕ ስለሚያረጅ በላዩ ያለው ሁሉ ወደ ብርጭቆ ሰሌዳ እየተገለበጠ ነው። «ብርሃን ጻፍ» የተባለው መሣሪያ መዳፍ በምታክል የብርጭቆ ሰሌዳ ውስጥ በጨረር ይጽፋል፤ የጻፈው ዐሥር ሺህ ዓመት ይቆያል ይባላል። የተገለበጠው ካሴት ወደ ማቅለጫ ይወርዳል። መገልበጥ የማይገባውም እንደዚያው።

የማይገባውን መለየት የኢፍቱ ሥራ ነበር።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ቀዩ መብራት በራ። ካሴቱ «ሐሮ ዲማ፣ 2068 ዓ.ም.» ይላል። ሐሮ ዲማ በስምጥ ሸለቆ የነበረች መንደር ናት። ሐይቁ ሞልቶ ከመዋጧ በፊት አንድ መቶ ዐሥራ ሁለት ነዋሪዎች ቤታቸው የት እንደቆመ፣ ማን ከማን እንደሚጎራበት፣ ማን የት እንደተቀበረ ለመቅረጫ ተናግረው ወጡ። ከዚያ በኋላ አብዛኞቹ ሮቤ ሰፈሩ። ተናጋሪዎችን በድምፃቸው እየለየ የሚቆጥረው ፕሮግራም አሁን ስክሪኑ ላይ እንዲህ ጽፏል፦ «በመዝገብ 112 ተናጋሪ። የተገኘ 1 ተናጋሪ። ሐሰተኛ።»

«አንባቢው ቆሽሾ መሆን አለበት» አለች ለራሷ።

ማጽጃ ካሴት አስገብታ አጸዳችው፤ ደግማ አስነበበች። አንድ። ወደ ሁለተኛው አንባቢ ወሰደችው። አሁንም አንድ።

በመጨረሻ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች። በአጥሩ የሚኩራራ ሽማግሌ ሰማች። ስታወራ የምትጣላ የምትመስል የገበያ ሴት ሰማች። የጓደኞቹን ስም በጣቱ የሚቆጥር የሚመስል ሕፃን ሰማች። አንዱ ከሌላው ጋር በምንም አይገናኝም። «ፕሮግራሙ አብዷል» ብላ ማዳመጫውን ልታወልቅ ስትል ዐሥራ አንደኛው ተናጋሪ ጀመረ። ቃል ከማውጣቱ በፊት አፍንጫው ቀጭን ፉጨት አሰማ። ወደ ሽማግሌው ተመለሰች፤ ፉጨቱ አለ። ወደ ሕፃኑ ሄደች፤ እዚያም አለ። ሌላም ነገር አስተዋለች፤ አልፎ አልፎ ተናጋሪው ዐረፍተ ነገሩን መሐል ላይ ይተውና ለአፍታ ዝም ይላል፣ ከዚያ ከሌላ ቦታ ይቀጥላል።

የካሴቱን ታሪክ ከፈተች። ድምፁ የተቀረጸው መንደሯ ውስጥ ሳይሆን እዚሁ ተራራ ውስጥ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። የዕለቱ ተረኛ፦ መንበሩ ካሳዬ። ካሴቱን ለመስማት የመጣ ሰው፦ አንድ ብቻ። ዙበይዳ አደም የምትባል ሴት በየዓመቱ አንድ ጊዜ፣ ለሠላሳ አንድ ዓመት፣ አርባ ሰባተኛውን ተናጋሪ ብቻ ሰምታ ሄዳለች።

ሐሰተኛ የተባለ ካሴት ሰባት ቀን ይቆያል። በሰባት ቀን ውስጥ ምክንያት ጽፎ የሚከራከርለት ካልተገኘ ይቀልጣል። ኢፍቱ ዝም ብትል የሚወቅሳት አልነበረም። ግን አንድ ሰው ምን ቢቸግረው ነው አንድ መቶ ዐሥራ ሁለት ሰው ሆኖ የሚናገረው? ይህን ሳታውቅ መተው አልሆነላትም። በማግስቱ ጡረታ የወጣውን መንበሩን ፍለጋ ወደ ጎባ ወረደች።

ሰባ አራት ዓመቱ ነው። ጓሮው ውስጥ የፖም ዛፍ ሲገርዝ አገኘችው። «ደኅና ዋልሽ ልጄ» ከማለቱ በፊት አፍንጫው አፏጨ።

«ጋሽ መንበሩ፣ ከቤተ መዛግብት ነው የመጣሁት። ስለ ሐሮ ዲማ...»

መቀሱን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አኖረው። «ማሽን ነው ያወቀው ወይስ ሰው?»

«ማሽን።»

«ይሁን» አለና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ካሴት ነበር። ሙጫው ደርቆ የሁለቱም ስም ረግፏል። ሊጠፋ የተፈቀደውን ያነሣሁ መስሎኝ ሐሮ ዲማን የተቀዳውን የሚያጠፋው የማግኔት ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። ዐሥራ ሁለት ሰከንድ ነው የሚፈጀው ልጄ። ዐሥራ ሁለት ሰከንድ።»

«ቅጂ አልነበረውም?»

«በሚቀጥለው ወር ሊቀዳ ነበር። ማውጫውን የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ፤ እያንዳንዱን ሰው ሦስት አራቴ ሰምቼዋለሁ። ማን የት ላይ እንደሚስቅ፣ ማን የት ላይ እንደሚያስል አውቅ ነበር። አምስት ሳምንት መቅረጫ ክፍሉን ዘግቼ ተናገርኩት።»

«መሐል ላይ ዝም የሚሉትስ?»

«የረሳሁት ነዋ። ከራሴ አንድ ቃል አልጨመርኩም። ያልያዝኩትን ባዶውን ተውኩት።»

«ያኔውኑ ለአለቃ ቢናገሩ ምን ነበረበት?»

«መጀመሪያ ለእንጀራዬ ፈራሁ። ኋላ ዙበይዳ መጣች፣ የሃያ ዓመት ልጅ። እናቷ አርባ ሰባተኛዋ ናት። ሰምታ ዐይኗ ቀልቶ ወጣችና እጄን ይዛ አመሰገነችኝ። ከዚያ ወዲያ እንዴት አድርጌ ልናገር? የሰማሽው እናትሽን አይደለም፣ እኔን ነው ልበላት?»

ኢፍቱ የሰባቱን ቀን ነገር ነገረችው። ሽማግሌው ተነሥቶ ኮቱን ለበሰ። «ዙበይዳ ሄዳ ካሴቱን ከምታጣው ከእኔው አፍ ትስማው። ቤቷን አውቀዋለሁ፤ ስንት ጊዜ በደጇ አልፌ ተመልሻለሁ።»

ዙበይዳ ሮቤ ላይ ወፍጮ ቤት አላት። ሁለቱን ስታይ ሞተሩን አጠፋች፤ ቅንድቧ ላይ ዱቄት ነበር። መንበሩ ተቀመጡ ቢባል እንቢ አለ። ቆሞ፣ ዐይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ ሁሉንም ነገራት። ኢፍቱ ከአሁን አሁን ታለቅሳለች ወይም ትጮህበታለች ብላ ስትጠብቅ ዙበይዳ ወንበር ስባ ከኋላው አደረገችለት።

«አውቃለሁ ጋሼ» አለች።

መንበሩ ቀና አለ።

«እናቴ ኮልታፋ ነበረች። ካሴቱ ላይ ያለችው አትኮላተፍም።»

«መኮላተፏን... ባስመስለው ማሾፍ መሰለኝ» አለ በደከመ ድምፅ።

«ደግሞም በር ላይ ‹ግቢ ልጄ› ብለውኝ ነው የገባሁት። ገብቼ ስሰማ ያው ድምፅ። በመጀመሪያው ቀን ነው ያወቅኩት።»

«ታዲያ አዴ ዙበይዳ፣» አለች ኢፍቱ ግራ ገብቷት፣ «ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ለምን ይመላለሳሉ?»

«እናቴ ከበራችን በስተግራ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጸጉሬን ትሠራኝ ነበር። ካሴቱ ላይ ይህ አለ። ከእሷና ከእኔ በቀር ያን ድንጋይ የሚያውቅ አልነበረም። እሷ ሞተች። አንድ የማላውቀው ሰው ግን ድንጋዩን ይዞልኝ ተቀምጧል። እሱን ልሰማ ነው የምመጣው።» ወደ መንበሩ ዞረች። «ማወቄን ብነግርዎት ያፍራሉ ብዬ ዝም አልኩ።»

ሽማግሌው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። በር ላይ እህል ይዘው የሚጠብቁ ሰዎች እርስ በርስ ይተያያሉ።

«ማሽኑ የሚያውቀው ሦስት መደብ ነው» አለች ኢፍቱ። «ዋና፣ ቅጂ፣ ሐሰተኛ። ምን ብዬ ልከራከርለት?»

«የሆነውን ጻፊያ» አለች ዙበይዳ።

ኢፍቱ ወደ ተራራው ተመልሳ የሆነውን ጻፈች። «ቃሉ የአንድ መቶ ዐሥራ ሁለት ሰዎች ነው። ድምፁ የአንድ ሰው ነው፤ ስሙ መንበሩ ካሳዬ። ባዶው ቦታ የረሳው ነው።» ማሽኑ መደብ ጠየቃት። ከሦስቱ አንዱንም አልመረጠችም፤ አራተኛ መደብ ከፍታ «የታወሰ» አለችው። ሁለት ቀን ሲመረምር ቆይቶ ተቀበለ። ብርሃን ጻፍ ሐሮ ዲማን ብርጭቆ ውስጥ ጽፎ እስኪያበቃ ኢፍቱ አጠገቡ ቆማ ጠበቀች። ሥራዋ ይህን አያዝዝም ነበር።

ወሬው በሮቤ ተሰማ። ከሐሮ ዲማ የወጡት ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ወፍጮ ቤቱ እየመጡ መንበሩን መጠየቅ ጀመሩ። አንድ ቀን ኢፍቱ እዚያው ሳለች አንዲት ወጣት የአያቷ ቤት የት እንደነበር ጠየቀችው። ዐይኑን ጨፈነና በሌላ ሰው ድምፅ፣ ከጉድጓዱ ወደ ላይ ሦስተኛው፣ በሩ ወደ ሐይቁ የሚያየው፣ እያለ ነገራት።

«እርስዎም የዚያው አገር ሰው ነዎት አባቴ?» አለች ልጅቷ።

«ኧረ እኔስ፣ እግሬም ረግጧት አያውቅ።»

ዙበይዳ እህሉን ወፍጮው ላይ እየገለበጠች ሳቀች። «እኔ ደግሞ እዚያው ተወልጄ በዘጠኝ ዓመቴ ወጣሁ፤ ጉድጓዱ የት እንደነበር እንኳ የማውቀው ከእሳቸው ነው። እስቲ ከሁለታችን የአገሩ ሰው ማነው?»

ልጅቷ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አየች። ዙበይዳ መልስ ሳትጠብቅ ሞተሩን አስነሣች።