ለተሳቢው የሚሆን ኤሲ

«አራተኛውን መስመር አንብቢ» አለች እናቷ።

ሚጡ አራተኛው መስመር አልታያትም። ዓይኗ ደህና ነው፤ ያስቸገራት ከግንባሯ እየወረደ ዓይኗ ውስጥ የሚገባው ላብ ነው። በሩ ተዘግቷል። የዓይን ምርመራ ጨለማ ስለሚፈልግ ለተሳቢው መስኮት አልወጣለትም። ውጭ ፀሐይዋ ላሜራውን ትጠብሰዋለች፤ ውስጥ ያሉት እናትና ልጅም አብረው ይጠበሳሉ።

«ልገምት?» አለች ሚጡ።

«ምርመራ በግምት አይሆንም።»

«እንግዲያው አልታየኝም። መነጽር እዘዢልኝ።»

እናቷ ስቃ በሩን ከፈተችው። ሁለቱም ወጥተው ጥላ ውስጥ ቆሙና በእጅጌያቸው ፊታቸውን ጠረጉ።

«ጤነኛ ደንበኛ አስገብቼ በሽተኛ አድርጌ ነው የማስወጣው» አለች እናቷ። «ኤሲ ግድ ነው። አንቺ ምረጪ።»

በቀልድ አልነበረም። እነሱ ቤት የዕቃ መመሪያ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው የሚያነብ ሰው ሚጡ ብቻ ናት። እናቷ ትሰለቻለች። በያጅ የሆነው አጎቷ መመሪያውን ከካርቶኑ ጋር አብሮ ይጥላል። አያቷ ደግሞ ጡረታ የወጡ የእግር ኳስ ዳኛ ናቸው፤ ሰፈሩ እስከ ዛሬ «ዳኛው» እያለ ይጠራቸዋል፤ ቤት ውስጥ በተነሳ ክርክር ሁሉ ፍርድ ይሰጣሉ እንጂ አንብበው አያውቁም።

ተሳቢው ትንሽ ነው። ዕድሜውን ሲሚንቶና ቆርቆሮ ሲያመላልስ ኖሯል። የረጅም መንገድ ሾፌር የሆነው አባቷ አንድ ግቢ ውስጥ ተጥሎ አገኘውና ጎትቶ አመጣው፤ ራሱ ግን ወዲያው ወደ መንገዱ ተመለሰ። እናቷ ትሠራበት የነበረው መነጽር ቤት ከተዘጋ ከርሟል። በከተማው መነጽር ቤት ከመብዛቱ የተነሳ ባለሱቆቹ እርስ በርሳቸው መሻሻጥ ነው የቀራቸው። ስለዚህ እናቷ የተሳቢውን ውስጥ በኮምፔንሳቶ አስለበጠችው፤ ወንበርና መስታወት አስገባች። ክፍሉ አጭር ስለሆነ የፊደሉ ሰሌዳ ከተመርማሪው ጀርባ ተሰቅሎ ፊት ለፊት ካለው መስታወት ላይ ይነበባል። ሐሳቧ ተሳቢውን በአጎቷ ፒክአፕ እየጎተተች የዓይን ባለሙያ በማይደርስባቸው ትናንሽ ከተሞች መዞር ነው። ሰኞ ትወጣለች፣ ዓርብ ማታ ትመለሳለች። መብራት ለሌለበት ቦታ አጎቷ ከብየዳ ቤቱ ጄኔሬተር ሰጥቷታል።

ሚጡ «ዓርብ ማታ» የሚለውን አልወደደችውም። ልጅን በስልክ ማሳደግ እንደሚቻል ታውቃለች፤ አባቷ እያደረገው ነው። ሁለቱም በስልክ ሲሆኑ ምን እንደሚመስል ግን መገመት አልፈለገችም።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስትወጣ በኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫው በኩል አለፈች። ሻጩ ቀጭን ሰውዬ ነው፤ ማስቲካ እያኘከ ሁለት ኤሲ አሳያት። አንዱ ግድግዳ ተቆርጦ የሚገባ ትልቅ፣ ሌላው ጣሪያ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው።

«ትልቁ ቶሎ ያቀዘቅዛል» አለ ሻጩ። «የት ነው የሚገባው?»

«ተሳቢ ውስጥ። ሰው የሚቀመጥበት ነው።»

«መብራቱስ? ከቤት መስመር ነው ከጄኔሬተር?»

ሚጡ ስልኳን አውጥታ የጄኔሬተሩን ፎቶ አሳየችው። ሰውዬው ፎቶውን በጣቱ አጎላው፤ ማስቲካውን ማኘክ አቆመ።

«ትልቁ በዚህ አይነሳም» አላት። «ሞተሩ ሲነሳ በአንድ ጊዜ ብዙ ጉልበት ይፈልጋል። ጄኔሬተሩ ያቃስትና ይጠፋል። ቤት ውስጥ ከተሰካ ግን ምንም አይል። ትንሹ ቀስ ብሎ ነው የሚነሳው፤ ይሄ ጄኔሬተር ይችለዋል። ጣሪያውንና ግድግዳውን ሙቀት የሚከላከል ፎም ካለበሳችሁት ደግሞ ይበቃችኋል።»

«በደንብ አስረድተውኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለች ሚጡ።

በእርግጥም በደንብ ነበር ያስረዳት። ትልቁ ከተገዛ ተሳቢው ከሶኬት አይርቅም፤ ሶኬቱ ያለው ደግሞ እቤት ነው። ተሳቢው በራቸው ላይ ይቆማል፣ ከሳሎን ገመድ ይዘረጋለታል፣ እናቷም ማታ ማታ ራት ላይ ትኖራለች። ሚጡ ይህን ስታስብ ደስ አላት። ደስታዋ እሷኑ አስደነገጣትና እርምጃዋን አፈጠነች።

ራት ላይ አጎቷ ነበር። እሱ ባለበት ሁሉ ሌላው ሰው ለመናገር ወረፋ ይጠብቃል።

«ትልቁን ነው» አለ፣ ሚጡ ሁለት ዓይነት አለ ከማለቷ፣ ገና ሳይጠየቅ። «ትንሹ ማራገቢያ ነው፤ ኤሲ ብለው ስም አወጡለት እንጂ።»

«ጄኔሬተሩ ይችለዋል?» አለች እናቷ።

አጎቷ ጉርሻውን ዋጠና ቀና አለ። «የኔ ጄኔሬተር? እትዬ፣ እኔ የድርጅት በር ስበይድበት የኖርኩት ጄኔሬተር እኮ ነው።»

«የሰው ጄኔሬተር መጠራጠር ቢጫ ያሰጣል» አሉ ዳኛው፣ እጃቸውን ወደ ደረት ኪሳቸው ልከው።

እናቷ ሳቀችና ወደ ሚጡ ዞረች። «አንቺስ? ሱቅ ሄደሽ ምን አሉሽ?»

ሚጡ ውሃዋን ጠጣች። «ትልቁ ቶሎ ያቀዘቅዛል አሉኝ።»

«አላልኩም?» አለ አጎቷ። «በቃ፣ ቅዳሜ መጥቼ ግድግዳውን እቆርጠዋለሁ።»

በማግስቱ ሚጡ ነገሩን ለጓደኛዋ አወራቻት። ጓደኛዋ ቀልበቢት ትባላለች፤ ስሙ የወጣላት ከቀለበት ፍቅሯ ነው፤ በየጣቷ አለ። ከመማሪያ ክፍላቸው ጀርባ ባለው ደረጃ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ዋሸሻት እንዴ?» አለች ቀልበቢት።

«አልዋሸሁም። የተናገርኩት እውነት ነው። የቀረውን ዝም አልኩ።»

«ታዲያ ምን ሆንሽ? አቦ አታካብጂ። አልተጠየቅሽም፣ አልተናገርሽም፣ አለቀ።»

«ተጠይቄያለሁ እኮ።»

«እሱማ...» ቀልበቢት አንዱን ቀለበት አውጥታ ሌላ ጣቷ ላይ አደረገችው። «የኔ እናት ሁልጊዜ እቤት ናት። ቦርሳዬን ስትፈትሽ ነው የምትውለው። ከፈለግሽ እንቀያየር።»

ሚጡ ሳቀች። ወደ ክፍል ሲገቡ ግን ሳቁ ለቋት ነበር። ሐሳቡም እሷን ተከትሎ ገብቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

ዓርብ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷን ተሳቢው ውስጥ አገኘቻት። ኮምፔንሳቶውን ከጣሪያው ላይ አውርዳ ፎም እየለጠፈች ነበር፤ ፀጉሯ ላይ ማጣበቂያ ደርቋል። መነጽር ቤቱ ከተዘጋ ጀምሮ እናቷ ሥራዋ ቁም ሳጥን ማስተካከል ነበር። አስተካክላ ትጨርስና፣ ቆማ ታየውና፣ እንደገና ታወጣዋለች። አሁን ግን እጇም አፏም ሥራ አግኝቷል።

«ዛሬ ከአንድ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ጋር በስልክ አወራን» አለች ከመሰላሉ ላይ። «ልጆቹ የፊት ወንበር ላይ ለመቀመጥ ይጣላሉ አለኝ። ሰሌዳው አይታያቸውማ። መጀመሪያ ወደነሱ ነው የምሄደው። ያንን ፎም አቀብዪኝ እስቲ።»

ሚጡ አቀበለቻት። ልትነግራት ፈልጋ ነበር። ስልኩ ጠራና አባቷ ሆነ። «ይሰማል? ይሰማል?» አለ፤ እነሱ «ይሰማል» እያሉ ሲጮሁ መስመሩ ተቋረጠ። እናቷ ስልኩን ኪሷ ከታ ወደ ፎሟ ተመለሰች። ሚጡ ሌላ ፎም አቀበለቻት። በእናቷ ተናድዳለች፣ በራሷም አፍራለች፤ የቱ እንደሚበልጥ አታውቅም። የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቷ እንዳትሄድ።

ቅዳሜ ጠዋት አጎቷ ግራይንደሩን ይዞ መጣ። ግድግዳውን ከምሳ በፊት ቆርጦ ኤሲውን ከሰዓት በኋላ ከሱቅ ሊያመጣ ነው። ዳኛው የፕላስቲክ ወንበራቸውን ጥላ ውስጥ አድርገው ተቀመጡ። አጎቷ የሜትሩን ጫፍ ለሚጡ ሰጣትና ከኪሱ ጠመኔ አወጣ።

«በደንብ ያዢ። ላሜራ አንዴ ከተቆረጠ መመለሻ የለውም።»

ሚጡ በደንብ ያዘች። እናቷ ውስጥ ሆና መስታወቱን ትወለውላለች፤ እየወለወለችም ታንጎራጉራለች። ዜማው ከየትኛውም ዘፈን ጋር አይገጥምም፤ ድምፅ የላትም፣ እሷም ታውቀዋለች። ሚጡ አዳመጠቻት። ዛሬ ዝም ብትል ይህ ማንጎራጎር እስከ መቼ እንደሚቆይ ገባት። እናቷ ጄኔሬተሩን አስነስታ እስኪጠፋባት ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ቁም ሳጥኑ ትመለሳለች።

አጎቷ መስመሩን አስምሮ ጨረሰ። መከላከያ መነጽሩን አጠለቀና ግራይንደሩን አነሳ።

«ጋሼ፣ ቆይ» አለች ሚጡ። «ትልቁ በዚህ ጄኔሬተር አይነሳም።»

«ማነው ያለው?»

«የሱቁ ሰውዬ።»

«መቼ?»

«ማክሰኞ።»

አጎቷ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋው። «ማክሰኞ የሰማሽውን ዛሬ? እኔ ላሜራው ላይ ልወርድበት ስል?»

ማንጎራጎሩ ቆመ። እናቷ መወልወያውን እንደያዘች በሩ ላይ ብቅ አለች።

«አንተ» አሉ ዳኛው ልጃቸውን፣ «ና እስቲ ይህን ወንበር ወደ ጥላ አድርግልኝ።»

ወንበሩ ጥላ ውስጥ ነበር። አጎቷ ወንበሩን አየ፣ አባቱን አየ፣ ከዚያ ግራይንደሩን አስቀምጦ ሄደ። ወንበሩን ከነዳኛው ወደ ጓሮ ሲያዞረው ይሰማ ነበር።

«ረስተሽው አይደለም» አለች እናቷ።

«አይደለም።»

«ታዲያ ለምን?»

«ትልቁ ከገባ ሶኬት ካለበት አትርቂም። እዚሁ ትሆኚ ነበር።» ሚጡ ረጋ ብላ ልትናገረው አስባ ነበር፤ ድምጿ ግን መጨረሻው ላይ ከዳት።

እናቷ ልትቆጣ አፏን ከፍታ ነበር፤ ተወችው። የተሳቢው ደፍ ላይ ተቀመጠችና መወልወያውን ጉልበቷ ላይ አጠፈችው፣ ዘረጋችው፣ እንደገና አጠፈችው።

«እኔ ደግሞ ሁሉንም ነገር ጠየቅኩሽ» አለች ቀስ ብላ፣ «መሄዴን ብቻ ሳልጠይቅሽ።»

ሚጡ ወደ ደፉ ጠጋ አለች።

«አሁንስ ለምን ነገርሽኝ?»

«ስታንጎራጉሪ ሰማሁሽ።»

«ይህን ያህል ያስጠላል?»

«በጣም» አለች ሚጡ።

እናቷ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ በመወልወያው ዓይኗን ጠረገች። «ልሂድ ማለትሽ ነው?»

«ሂጂ አላልኩሽም» አለች ሚጡ። «ትንሹ ይሠራል ነው ያልኩሽ።»

የአጎቷን የጠመኔ መስመር ከግድግዳው ላይ በመዳፏ አጠፋችው። ከዚያ ጠመኔውን ከመሬት አነሳች፣ ሜትሩን ኪሷ ከተተች፣ ትንሹ የሚቀመጥበትን ጣሪያ ልትለካ መሰላሉን ጎትታ ተሳቢው ላይ አስደገፈችው። ወጥታ አጋማሹ ላይ ስትደርስ መሰላሉ ተነቃነቀ።

«እማዬ፣ ያዢልኝ» አለች።

እናቷ መወልወያውን ጥላ ተነሳችና በሁለት እጇ ያዘችላት።