ለቅዳሜ የታዘዘው ጥቁር ልብስ

ማመን አለማመን የእናንተ ነው። እኔ ግን የሰማሁትን ሳይሆን በእነዚህ በሁለት ዓይኖቼ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

ቀኑ ሐሙስ ነበር። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 19፣ 1931። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል።

ቦታው እንግሊዝ አገር፣ ዮርክሻየር ነው። ከከተማችን ስምንት ማይል ርቆ፣ ባዶ ሜዳ መሃል ብቻውን የቆመ ትልቅ የድንጋይ ቤት። ኮልድዌል ይሉታል።

ሄስተር ግሪንሃው እባላለሁ። ያኔ የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት ነበርኩ። ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ... ልብስ እየሰፋሁ ነበር የምኖረው።

"የሐዘን ልብስ እንድትሰፊልን እንፈልጋለን" የሚል አጭር ደብዳቤ ደረሰኝ። ሾፌራቸው መጥቶ ወሰደኝ። ጆሮው የማይሰማ ሽማግሌ ነው። መንገዱን ሙሉ አንዴም ዞሮ አላየኝም።

ጉሙ ከባድ ነበር። ቤቱ የታየኝ በሩ ላይ ከደረስን በኋላ ነው።

የከፈተችልኝ የቤቱ ጌታ እህት ናት፤ ሚስ ፕሩደንስ ትዌይት። ረጅም፣ ቀጭን፣ ዓይኗ የማይርገበገብ ሴት።

አዳራሹ በነጭ አበባ ተሞልቷል። ትልቁ መስታወት በጨርቅ ተሸፍኗል።

አንገቴን ደፋሁ።

"እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ እመቤቴ። ማን ነው ያረፈው?"

"እስካሁን ማንም።"

ቀና ብዬ አየኋት። የምትቀልድ አትመስልም።

"የወንድሜ ሚስት በጠና ታማለች" አለች። "ሐኪሙ ቁርጡን ነግሮናል። ልብሶቹ ለቅዳሜ ይድረሱ።"

ይሁን አልኩ በልቤ። ሀብታም ለሁሉም ነገር ቀድሞ ይዘጋጃል...

ሳሎን አስገባችኝ። ሜትሬን አውጥቼ ልኳን መውሰድ ጀመርኩ። ትከሻ... ደረት... ወገብ...

ስለካት ታንጎራጉራለች። የዳንስ ዘፈን ነው።

ወንድሟ ሚስተር አምብሮዝ ገባ። ሃምሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ጉንጩ ቀይ፣ ሳሙና ሳሙና የሚሸት፣ ፈገግታ የማይለየው ሰው።

"ወገቡን ሰፋ አድርጊላት፣ ሚስ ግሪንሃው" ብሎ ሳቀ። "እህቴ ሐዘን ስትቀመጥ መብላት አታቆምም። ያለፈው ጊዜ ቁልፉ ተበጥሶ ካህኑ እግር ስር ወደቀ!"

ያለፈው ጊዜ?...

"አምብሮዝ! ዝም በል። ሥራዋን ትሥራ።"

ጥቁሩን ጨርቅ ልገልጥ ወደ ጠረጴዛው ዞርኩ። ከሥሩ ካርዶች ተደርድረዋል። ጠርዛቸው ጥቁር። ቀለማቸው ገና ደርቆ ያላለቀ።

"ሜቪስ ትዌይት። አርብ፣ ኖቬምበር 20፣ ከሰዓት በኋላ፣ በሃያ ሦስት ዓመቷ በሰላም አረፈች።"

ደግሜ አነበብኩት።

አርብ... ነገ ነው።

ወንድምና እህት ወደ እሳቱ ዞረው ሲያወሩ አንዱን ካርድ ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። እጄ ነው ያደረገው።

ያን ጊዜ ከላይ ድምፅ ሰማሁ።

ግራሞፎን። ሚስ ፕሩደንስ ስታንጎራጉረው የነበረው ያው ዘፈን። ከዘፈኑ ጋር ደግሞ ኮቴ...

ሰው ከላያችን እየጨፈረ ነው።

"መቀሴን ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ረሳሁት" አልኩ። ወጣሁ። ካፖርቴን፣ ባርኔጣዬንና ሻርፔን ከአዳራሹ መስቀያ አነሳሁና በጫማዬ ጫፍ ደረጃውን ወጣሁ።

በሩን ስከፍት ጉንጯ የቀላ፣ ፀጉሯ የተበተነ ወጣት ሴት እየሳቀች ዞረች።

"ልብስ ሰፊዋ ነሽ አይደል? በመጨረሻ! ቅዳሜ እኮ ድግስ አለብን። አምብሮዝ አገሩ ሁሉ ይመጣል ብሎኛል። ቀይ ነው የምፈልገው። ፕሩደንስ በንዴት ትፈንዳ!"

በሩን ዘጋሁ።

"ድምፅሽን ቀንሺ። ታመሻል?"

"እኔ? ጉንፋን እንኳ አልያዘኝም።"

"ለእኔ የነገሩኝ ልትሞቺ ነው ብለው ነው።"

ሳቀች። ከሊድስ ከተማ የመጣች ባርኔጣ ሻጭ ነበረች፤ ካገባች ገና አራት ወሯ። የቤቱ ቀልድ መሰላት።

ካርዱን ሰጠኋት።

አነበበችው። ሳቋ አፏ ላይ እንዳለ ቀረ... ዓይኗ ብቻ ተለወጠ።

"ነገ?"

"ነገ።"

ግራሞፎኑን አላጠፋሁትም። እንዲሰሙት ፈለግኩ።

"ሻይ..." አለች በሹክሹክታ። "ሻይ የሚያመጣልኝ እሱ ራሱ ነው። ከሰኞ ጀምሮ ይመረኛል። ስኳር እየጨመርኩ ነው የምጠጣው።"

"ስንት ሰዓት ያመጣል?"

"አስር ሰዓት ላይ።"

ሰዓቱን አየሁ። ለአስር ሩብ ጉዳይ።

ቁመታችን እኩል ነው። ግራጫውን ካፖርቴን አለበስኳት፤ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቧ፣ ሻርፑን እስከ አፍንጫዋ።

"ሾፌሩ ሊመልሰኝ ደጅ ቆሟል፤ አይሰማም፣ ዞሮም አያይም። ከተማ ሲያደርስሽ ጣቢያው ጋ ውረጂ። የአስራ አንድ ሰዓቱን ባቡር ያዢ። ሰው አለሽ?"

"አክስቴ... ሊድስ። አንቺስ?"

"እኔ በጓዳ በር እወጣለሁ። እኔን ምን ያደርጉኛል?"

የአክስቷን አድራሻ ነገረችኝ፤ እኔም የኔን ነገርኳት። እጄን ጨብጣ ወጣች።

ደረጃው አንድ በአንድ ሲንቋቋ እሰማለሁ...

"ሚስ ግሪንሃው!" የፕሩደንስ ድምፅ። "ጨረስሽ እንዴ?"

ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ።

የሜቪስ ኮቴ ሳይቆም አለፈ። ከዚያ የውጭው በር ተዘጋ። መኪናው ተነሳ።

በመስኮት አየሁ። ጉሙ ዋጠው።

ልወጣ የበሩን እጀታ ያዝኩ።

ግን ኮሪደሩ ላይ ኮቴ ነበር። ከኮቴው ጋር ደግሞ ማንኪያ ከሲኒ ጋር ሲጋጭ... ቅጭል... ቅጭል... ቅጭል...

አልጋው ውስጥ ገባሁ። ብርድ ልብሱን እስከ ፀጉሬ ሳብኩ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ገባ።

ግራሞፎኑን አጠፋው።

"የኔ ጽጌረዳ... ሻይሽ።"

አልጋው ጫፍ ላይ ሲቀመጥ ፍራሹ ወደ እሱ አጋደለ። የሳሙናው ሽታ መጣ።

"ደከመሽ አይደል? ጭፈራው ነው። ጠጪና ትተኚያለሽ።"

ወደ ግድግዳው ይበልጥ ተጠጋሁ።

እጁ ብርድ ልብሱ ሥር ገባ። እጄን ፈልጎ ያዘ። በአውራ ጣቱ መዳፌን መዳሰስ ጀመረ... ቀስ እያለ... ከዚያ ወደ ጣቴ ጫፍ... አሥራ አምስት ዓመት መርፌ የበሳውና ያሻከረው ጣቴ ላይ ሲደርስ...

ቆመ።

አንዴ ተመለሰ። ደግሞ ዳሰሰው።

"ሜቪስ" አለ በጣም ቀስ ብሎ፣ "መርፌ ይዛ አታውቅም።"

መጮህ ፈለግኩ።

ይመታኛል፣ ያንቀኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን በረጅሙ ተነፈሰ። በሽተኛ እንደሚያጽናና ሰው እጄን መታ መታ አደረገው።

"ይሁን። ለእኛ ለውጥ የለውም፣ ሚስ ግሪንሃው። ቅዳሜ ቅዳሜ ነው።"

ተነስቶ ወጣ። በሩን ክፍት ተወው።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። ሚስ ፕሩደንስ አዳራሹ ውስጥ አበባ ታስተካክላለች። ቀና እንኳ አላለችም።

"ካፖርት ሳትለብሺ? ብርድ ይመታሻል፣ ልጄ።"

የውጭው በር አልተቆለፈም። ማንም አልተከተለኝም።

ከሁሉ በላይ ያስፈራኝ ይህ ነው... አለመከተላቸው።

ስምንቱን ማይል ጉሙ ውስጥ ወድቄ ተነስቼ ቤቴ ገባሁ።

አርብ ጠዋት ቴሌግራም መጣልኝ። "ደርሻለሁ። አክስቴ ጋ ነኝ። ሜቪስ።" ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ቴሌግራሙን ይዤ ወደ ከተማችን ፖሊስ ወደ ሚስተር ድሩሪ ሮጥኩ። ደግ ሰው ነው፤ ግን ሳቀብኝ።

"ሄስተር፣ ሚስት ከባሏ ኮበለለች ማለት ወንጀል ተሠራ ማለት ነው?"

"ካርዱስ፣ ሚስተር ድሩሪ?"

"እስቲ አሳዪኝ።"

ካርዱ ሜቪስ እጅ ቀርቷል።

"እሺ፣ እሺ" አለኝ። "ማታ በዚያ በኩል ማለፌ አይቀርም። እጠይቅልሻለሁ።"

ቅዳሜ ጠዋት ሱቄን ሳልከፍት በሬ ተንኳኳ። ሚስተር ድሩሪ ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ሴትየዋ ትናንት ከሰዓት በኋላ ሞታለች።"

"አልሞተችም! ሊድስ ናት!"

"ሄስተር... ሣጥኑ አጠገብ ቆሜ ፊቷን አይቻለሁ። ሰርጓ ላይ እኮ አብሬያት ጨፍሬያለሁ። ልሳሳት?"

ወዲያው ወደ ሊድስ ቴሌግራም ላክሁ። መልሱ በአንድ ሰዓት ውስጥ መጣ። "በሕይወት አለሁ። እዚያ ግን አልመለስም። ለማንም አትንገሪ። ሜቪስ።"

እውነትም በሕይወት ነበረች። በኋላ ሊድስ ሄጄ አይቻታለሁ፣ አብረን በልተናል። ካናዳ ሄዳ አርባ አምስት ዓመት ኖራ፣ ባለፈው ዓመት በልጅ ልጆቿ ተከባ ነው ያረፈችው። እስከዛሬ ዝም ያልኩት ለዚህ ነው።

ታዲያ ያን ቅዳሜ የተቀበረው ማነው?

አላውቅም። የማውቀው ያየሁትን ብቻ ነው።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ መቃብሩ ቦታ ሄድኩ። ከግንቡ ውጭ ቆምኩ። ጉሙ ተገፎ ነበር።

አምብሮዝ ያለቅሳል። የእውነት እንባ ነው። አየኝና ባርኔጣውን አነሳልኝ።

ሣጥኑን የተሸከሙት አራት ጎልማሶች ናቸው። ሁሉንም አውቃቸዋለሁ፤ የከተማችን ሰዎች ናቸው። ጉድጓዱ አፍ ላይ ገመዱን ይዘው ቀስ እያሉ ማውረድ ጀመሩ።

ግማሽ ላይ ሲደርስ ቆሙ።

አራቱም በአንድ ጊዜ አንገታቸውን ወደ ሣጥኑ ዘንበል አደረጉ... ስሙ ተጠርቶ ከየት እንደተጠራ እንደሚፈልግ ሰው።

ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ቆዩ።

ከዚያ አንደኛው ቀና ብሎ አምብሮዝን አየው።

አምብሮዝ እንባውን ጠረገና በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

ገመዱን ለቀቁት።